የቆምኩ ዕለት

ሟቹ በጀርባው ተንጋሎ ተኝቷል። የተሰበረው እግሩ ብቻ እንደ ክቡር እንግዳ ሁለት ትራስ ተደርጎለት ከፍ ብሎ ተቀምጧል። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ ምንም አልተሰማትም። ታናሽ እህቷን ከቀበረች ወዲህ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሲቀመጡበት ውለው እንደደነዘዘ እግር፣ መኖሩን ታውቃለች እንጂ የራሷ አይመስላትም። ባልደረቦቿ በሌለችበት «በረዶዋ» ይሏታል። ሰምታለች፤ አልከፋትም። ለመከፋትም እኮ ስሜት ያስፈልጋል።

ሰውዬው ብሎኬት አምራች ነበር፤ ደረቱ የበር ያህል፣ መዳፉ ሲሚንቶ የበላው። ከወራት በፊት ፒክአፑ ከመንገድ ወጥታ አንድ እግረኛ ገደለች፤ የእሱም ጭን ተሰበረ። «የነዳሁት እኔ ነኝ» ያለው ሾፌሩ ታስሮ ፍርዱን ይጠብቃል። ሆስፒታል «አጥንትህ በብረት ይታሰር» ቢሉት፣ ብሎኬት አምራቹ «ብረት የሚገባው ኮለን ውስጥ ነው! እኔ ሕንፃ ነኝ እንዴ?» ብሎ አሻፈረኝ አለና ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ አልጋው ያለ «አድናለሁ» ባይ ውሎ አያውቅም። ወጌሻው አለ፤ መርፌ የምትወጋው ሴትዮ አለች፤ በማግኔት ቀበቶ የሚያክመውም ሰውዬ አለ። ሦስቱም እናቆምሃለን ብለውታል። ዛሬ ምሳውን በልቶ እንደተኛ በዚያው ቀረ።

«ወጌሻው ነው የገደለው!» አለ የሟች ታናሽ ወንድም፤ ድምፁ ተሰባብሯል። «ጠዋት መጥቶ ሲያስጮኸው ሰፈር ሰምቷል። ጋሼን ጨርሶት ሄደ!»

ወጌሻውንማ ፖሊሶች ከቤቱ አንስተው አስገብተውታል። የመርማሪዋ አለቃም በስልክ «ነገሩ ግልጽ ነው፤ የአስከሬኑ ውጤት ሲመጣ ክሱን አዘጋጅተሽ አምጪ» ብሏታል። እሷ ግን ገና ከበሩ ግልጽ የሆነ ነገር አይዋጥላትም። ጓንቷን አጠለቀችና ወደ እግሩ ጎንበስ አለች።

ጭኑ ዙሪያውን በሸንበቆ ስንጣሪ ተደግፎ፣ ከአሮጌ አንሶላ በተቀደደ ጨርቅ ተጠፍሯል። ቋጠሮው ደህና ነው። የጨርቁ ጫፎች ወደ ውስጥ ታጥፈው ገብተዋል፤ አንዲት ክር እንኳ ወደ ውጭ አትታይም። ፈታችው። ከሥሩ፣ ሸንበቆዎቹ ለብዙ ጊዜ ተጭነው ቆዳው ላይ የሠሯቸው ጎድጓዳ መስመሮች ነበሩ። ሸንበቆዎቹ ግን ያረፉት መስመሮቹ ላይ ሳይሆን በመስመሮቹ መካከል ነው። ሸሚዙንም ገለጠች። ከግራ ትከሻው ተነስቶ ደረቱን አቋርጦ ወደ ቀኝ ጎኑ የሚወርድ የቆየ የመኪና ቀበቶ ጠባሳ አለ። ረጅም ጊዜ አየችውና ሸሚዙን መልሳ ቆለፈች።

ሚስትየው በሚቀጥለው ክፍል ከልብስ ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ ናት። አታለቅስም። ዓይኗ ዙሪያውን ጠቁሯል።

«እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ» አለች መርማሪዋ። «ተኝተሽ የምታውቂ አትመስዪም።»

«ከአደጋው ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጠብታ ታዞልኛል።» ብልቃጡ ከክሮቿ መሃል ቆሟል፤ ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

«ምሳውን ምን በላ?»

«ሾርባ። ጠጣ፤ ተኛ። በቃ።»

«ወጌሻው ከሄደ በኋላ እግሩን የነካው ሰው አለ?»

«ማን ደፍሮ? ጣት ሲጠጋው ሰፈር ይሰማል።»

መርማሪዋ ቤቱን ቃኘችው፤ መጋረጃውን፣ የትራስ ልብሱን፣ የስፌት መኪናዋን አቧራ መጥረጊያ ሳይቀር። ሁሉም ጫፉ ታጥፎ ተቀምቅሟል።

ወንድምየው እስከ ውጭ ሸኛት። «አያዩም?» አለ በሹክሹክታ። «እትዬ አንዲት እንባ አላፈሰሰችም። እንዲህም ሰው አለ?»

«አለ» አለች መርማሪዋ።

ግድግዳ የምትጋራው አሮጊት ደጃፏ ላይ ሆና ጠበቀቻት፤ ሳትጠየቅ እንዳትታለፍ የፈራች ትመስላለች።

«ኧረ ልጄ፣ ጆሮዬ እኮ አለቀ! መርፌ ሲወጉት ይጮሃል፣ ቀበቶ ሲያስሩለት ይጮሃል፤ ወጌሻው ሲመጣማ ጥጥ ነው የምወትፈው!»

«ዛሬስ፣ እማማ?»

«ጠዋት አቀለጠው። ከምሳ በኋላ ግን ጭጭ! ሞት ይርሳኝ፣ እኔማ ‹ተመስገን፣ ዛሬስ ሸለብ ላድርግ› ብዬ ጋደም አልኩ። ለካ እሱ...» አፏን በእጇ ያዘች።

በማግስቱ መርማሪዋ መርፌ ወጊዋ ሴትዮ ዘንድ ሄደች። ክፍሏ ንጹሕ ነው፤ ያመመው ቦታ ላይ የምትሰካቸው ቀጫጭን መርፌዎቿ በመስታወት ሣህን ተደርድረዋል።

«አጥንቱ በእኔ እጅ ይዞ ነበር» አለች ሴትዮዋ ተቆጥታ። «ያ ወጌሻ እያሸ አፈረሰብኝ እንጂ!»

«ሰውዬው ሲጮህብሽ አትደነግጪም?»

«ዝም ሲል ነው የምደነግጠው። ‹እዚህ ጋ!› ካላለኝ የት እንዳለሁ በምን አውቃለሁ? ያመመው እግር እኮ ገና በሕይወት ያለ እግር ነው።»

የማግኔቱ ሰውዬ ደግሞ ገና ሳትቀመጥ ለወገቧ የሚሆን ቀበቶ ዘርግቶ ጠበቃት። «ቁጭ ብሎ ለሚሠራ ሰው ፍቱን ነው፣ ኢንስፔክተር!»

«ወገቤ ደህና ነው። ስለ ብሎኬት አምራቹ ይንገሩኝ።»

«አጥንቱን የገጠመው የእኔ ማግኔት ነው። መርፌዋ ነፋስ አስገብታ አላቀቀችው።»

«ቀበቶውን ተኝቶ እያለ አስረውለት ያውቃሉ?»

«ምን ሲደረግ! ይግላል እኮ። ‹በቃ!› ካላለኝ ይጠበሳል። ሰውዬው ደግሞ በቃ ማለት አይወድም፤ ‹ጨምር፣ ቶሎ አቁመኝ፤ የቆምኩ ዕለት የምሄድበት አለኝ› ነው የሚለው።»

«የት?»

«አልነገረኝም።»

ወጌሻው ጣቢያ ውስጥ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ አንድ ወጣት አለ። ፍርዱን የሚጠብቀው ሾፌር ነው፤ አንድ ክፍል ገጥሟቸዋል።

«አባባ፣ ሸንበቆውን ሲያስሩ የት ነው የሚያሳርፉት?»

«ድሮ የነበረበት ቦታ ነዋ፣ ልጄ። ጎድጓዳውን ከሳትኩት ቆዳውን ያቆስለዋል።»

«የጨርቁን ጫፍስ?»

«እቋጥረዋለሁ፤ የተረፈው ይንጠልጠል። ምን ሰርግ አለበት?» ብሎ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ሁለት ጊዜ ይዞ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ለቀቀ። እጄ አርጅቷል አልኩ። እንግዲህ ገድዬው ከሆነም ሳላውቅ ነው።»

«ሳይነቃ አሽተውት ያውቃሉ?»

«ራጅ የለኝ! ጩኸቱ ነው ዓይኔ። ደግሞ ራሱ ‹ጎትት! የቆምኩ ዕለት የምሄድበት አለኝ› ይለኛል። እኔማ ሴት ቀጥሮ መስሎኝ ስቄበታለሁ።»

ሾፌሩ አንገቱን ቀና አደረገ። «ማን ነው የሞተው?»

ማንም አልነገረውም ነበር። መርማሪዋ ነገረችው። ወጣቱ ግድግዳውን አየ፤ ፊቱ ላይ አንድም ነገር አልተንቀሳቀሰም።

«እንግዲህ እኔም ቀረሁ» አለ።

«ቀበቶው ጠባሳ ትቶበታል» አለች እሷ ቀስ ብላ። «ከግራ ትከሻው ነው የሚወርደው። በዚያች ፒክአፕ ቀበቶው በግራ ትከሻ የሚያልፈው መሪ የያዘው ሰው ላይ ነው።»

ሾፌሩ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። ከዚያ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አወራው። «ጋሼ እግሩ ተንጠልጥሎ ያቃስታል። እኔ ጭረት እንኳ የለብኝም። ‹እስክድን ጥፋቱን ያዝልኝ፤ የቆምኩ ዕለት በራሴ እግር ሄጄ አወጣሃለሁ› አለኝ። እሺ አልኩ። አሁን ብናገር ማን ያምነኛል? ሙት ላይ አሳበበ ነው የምባለው።»

ሐኪሙ የደወለው በሦስተኛው ቀን ነው። «ደሙ ውስጥ ሁለት መድኃኒት አለ፤ ጠንካራ ማስታገሻና የእንቅልፍ ጠብታ። ለየብቻቸው እንዲህ አያደርጉትም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን መተንፈሱን አስረሱት። ደግሞ አጥንቱ መግጠም ጀምሮ ነበር፤ በዚያው ቀን በኃይል ተላቅቋል።»

መርማሪዋ ስልኩን ዘጋች። ማን እንደሆነ አወቀች፤ ማወቋ ግን አላስደሰታትም፤ አላሳዘናትምም።

በዚያው ቀን ሁሉንም በልብስ ሰፊዋ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሚስትየው ከመኪናዋ ፊት ናት፤ ወንድምየው በሩን ተደግፏል፤ መርፌ ወጊዋና የማግኔቱ ሰውዬ ላለመነካካት ተራርቀዋል፤ ወጌሻው በሁለት ፖሊሶች መሃል ማዕዘን ላይ ቆሟል።

«ሦስታችሁም አንድ ነገር ነግራችሁኛል» አለች መርማሪዋ። «አጥንቱ ይዞ ነበር። ያፈረሰው ሌላኛው ነው አላችሁ። የያዘው በመርፌ ይሁን፣ በማግኔት፣ በወጌሻ ወይስ በጊዜ፣ እሱን እናንተ ተከራከሩ። እኔን የገረመኝ መልቀቁ ነው። ሲይዝ ለቀቀ፤ እንደገና ሲይዝ እንደገና ለቀቀ። የያዘ አጥንት በየጊዜው እንዲህ የሚለቀው የሚያላቅቀው ሰው ሲኖር ነው።»

«አላልኩም?» አለች መርፌ ወጊዋ፤ ወጌሻውን ገላመጠችው።

«ቆይ፣ እህቴ። ማስታገሻውን ማን ሰጠው?»

«እኔ» አለ ወንድምየው፤ ፊቱ ገረጣ። «ጠዋት ጩኸቱ አላስቻለኝም፤ ፋርማሲ ሮጬ አመጣሁለት። ለማንም አልነገርኩም። ምን አጠፋሁ?»

«ለሕመሙ ሰጠህ፤ ሌላ ጠብታ እንደሚጨመርበት አላወቅህም። አሁን ስሙኝ። ሸንበቆው ከወጌሻው በኋላ ተፈትቶ እንደገና ታስሯል፤ ጎድጓዳውን ስቷል። ያን እግር ነክቶ ሰውዬውን ያላስጮኸ የለም። ያን ቀን ከምሳ በኋላ ግን ግድግዳ የሚጋሩት እማማ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ስለዚህ ሲፈታ አልነቃም፤ አስቀድሞ እንዲተኛ ተደርጓል። እነዚህ ሦስቱ የሚሠሩት በጩኸቱ ነው። ለመርፌዋ ‹እዚህ ጋ› ካላላት፣ ለማግኔቱ ‹በቃ› ካላለው፣ ለወጌሻው ካላቃሰተለት ዕውር ናቸው። ከሦስቱ አንዱም አያስተኛውም። የሚያስተኛው ጩኸቱ የሚያጋልጠው ሰው ብቻ ነው።»

የማግኔቱ ሰውዬ ቀበቶውን ከጉልበቱ ላይ አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ያ ሰው ቋጠሮውን አይቶ ተምሯል፤ ከወጌሻው አልለየውም። የጨርቁን ጫፍ ግን እንደተተለተለ መተው አልቻለም፤ አጠፈው። በዚህ ቤት ጫፉ ያልታጠፈ ጨርቅ የለም። አቧራ መጥረጊያው እንኳ ተቀምቅሟል።» ወደ ሚስትየው ዞረች። «ብልቃጡ ሊያልቅ ደርሷል፣ እህቴ፤ አንቺ ግን አልተኛሽም።»

ሚስትየው ጣቷን የስፌት መኪናዋ ላይ ታሻለች። «እጄ ነው» አለች። «ሳላስበው ነው የሚያጥፈው።»

«እትዬ!» አለ ወንድምየው። «አንቺ? ለምን?»

«ይሄዳላ!» ድምፏ ደረቅ ነው። «‹የቆምኩ ዕለት ሄጄ እጄን እሰጣለሁ፣ ያ ልጅ በእኔ አይበሰብስም› አለኝ። አጥንቱ ያዘ ሲሉኝ እንደ መርዶ ነበር። አልጋ ላይ ይሁን፣ ግን እዚህ ይሁን አልኩ። ተኝቶ እያለ ላላ አደርገዋለሁ፤ ሲነቃ እንዳልዳነ ያውቃል፤ ከእኔ ጋር ይከርማል። ሁለቴ ሆነልኝ። በሦስተኛው ኪኒን መዋጡን ማን ነገረኝ? አስሬ ጨርሼ ቀና ስል...» እጇን ከስፌት መኪናዋ ላይ አነሳች። «እንዳይሄድብኝ ብዬ እኮ ነው።»

ወጌሻው እጆቹን ገልብጦ አያቸው፤ እንደገና የእሱ ሆነውለታል።

«ወጌሻው ዛሬ ቤታቸው ይገባሉ» አለች መርማሪዋ። «ሾፌሩ ግን አይገባም። ጠባሳ ማን እንደነዳ ለእኔ ይነግረኛል፤ ለዳኛ አይበቃም። ባልሽ የተናዘዘው ለአንቺ ብቻ ነው። ብትናገሪም ቅጣትሽን አያቀልልሽም። ባትናገሪ ግን ያ ልጅ እዚያው ነው።»

«ዝም ብል ባሌ በደግ ስሙ ይቀበራል።»

«አዎ።»

ሚስትየው ባሏ ተኝቶበት ወደነበረው ክፍል አየች። ከዚያ የስፌት መኪናዋን ተደግፋ ልትነሳ ሞከረች፤ ተመልሳ ወንበሩ ላይ ወደቀች። ወንድምየው ሊይዛት ሲል በክንዷ ገፋችው። ሁለተኛ ሞከረች፤ ቆመች።

«ጻፊ» አለች። «መኪናውን የነዳው ባሌ ነው። እግረኛውን የገጨው ባሌ ነው። ሄዶ ሊናገር ነበር፤ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። እሱ አልቆመም፤ ይኸው እኔ ቆሜያለሁ።»

መርማሪዋ ጽፋ ስትጨርስ ነው ጩኸቱ የመጣው። ሚስትየው ሆዷን ይዛ ጮኸች፤ ከሆዷ ሥር፣ ልክ እንደ ባሏ። ከግድግዳው ማዶ አሮጊቷ «ኧረ በስመ አብ!» ስትል ተሰማች። የመርማሪዋ እጅ ብዕሩን ለቀቀው። የእህቷ ፊት ያለ ጥሪ መጥቶ ፊቷ ተደቀነ፤ ደንዝዞ የቆየ እግር ደም ሲገባበት እንደሚወጋው ደረቷን ወጋት። አመማት፤ በጣም አመማት።

ወንድምየው ወደ ሚስትየው ሮጠ። «እትዬ፣ በቃ፣ በቃሽ፣ ዝም በይ...»

«ተዋት፣ ልጄ» አለ ወጌሻው ከማዕዘኑ። «ትጩህ።»