«የማን ነው?» ያሉት ሰዎች

ጠጋ በሉ። በሩን ዝጉትና ጠጋ በሉ። ሳልጨርስ የሚነሳ ካለ አሁኑኑ ይሂድ፤ መሐል ላይ ፈራሁ ቢለኝ አልሸኘውም።

ድሮ ነው። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ዝናቡ አባርቷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሰው የለም። በዚያ መንገድ ዘርጋው የሚባል ሰው ብቻውን ይሄዳል። ወዴት? ወደ ድንጋዮቹ።

የትኞቹ ድንጋዮች አትሉኝም? ከመንደሩ ወጣ ብሎ ክብ ሠርተው የቆሙ ድንጋዮች ነበሩ። ማን እንዳቆማቸው የሚያውቅ የለም። ከእያንዳንዱ ሥር ግን አንድ ሰው ተኝቷል ይባላል። ስለዚህ እዚያ አይታረስም፣ ከብት አይሰማራም፣ አፈሩ እንኳ አይነካም። ሽማግሌዎቹ ይጠብቁታል። ሕጉን የጣሰ ከመንደሩ ይባረራል።

ታዲያ ዘርጋው ምን ነካው? ሚስቱን አስካለን ምጥ ይዟታል። የቤቱ ምሰሶ ደግሞ በዝናቡ እየሰመጠ ነው። ጣራው እላይዋ ላይ ሊወርድ ነው። ከምሰሶው ሥር የሚገባ ድንጋይ ያስፈልገዋል። ጎረቤት መጥራት ነበረበት። አልጠራም! ግትር ነዋ።

ከክቡ ዳር ትንሿን ድንጋይ ነቀለ። በጋቢው ጠቀለላት። ትከሻው ላይ አደረጋትና ሄደ።

ትንሽ ሄደ፣ ከበደችው። ትንሽ ሄደ፣ ሞቀችው። ድንጋይ በዚያ ብርድ ይሞቃል? ትንሽ ሄደ፣ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ዞረ፤ ማንም የለም። ደግሞ ሄደ፤ አሁን ኮቴው ብዙ ነው። ቀና ሲል ከፊቱ ሰዎች ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ፊታቸው አይታይም።

በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ብታዩ ምን ትላላችሁ? ቀብር ነው ትላላችሁ። ቆም ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። እነሱም ጠየቁ።

«የማን ነው?»

ዘርጋው ደነገጠ። ስለ ድንጋዩ የጠየቁት መሰለው። ሌባ እንዳይባል ቶሎ ብሎ፣

«የራሴ ነው» አለ።

«የራስህ ነው?»

«አዎ፣ የራሴ ነው አልኳችሁ! አሳልፉኝ፣ ሚስቴ ምጥ ላይ ናት።»

«ነፍስ ይማር» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ከዚያ እንደ ለቀስተኛ ከበቡት። ፊቱን ወደ መጣበት አዞሩት።

አያችሁ፣ ለዚህ ነው ብቻችሁን አትሂዱ የምለው! አንድ ሰው አብሮት ቢኖር፣ «ኧረ ድንጋይ ነው፣ እሱ ደህና ነው» ይልለት ነበር። ማን ይበልለት?

ቤቱ አልወደቀም። አስካለ ሌሊቱን ወንድ ልጅ ወለደች። ሲነጋ ባሏ የለም። መንደርተኛው ዱካውን ተከትሎ ወጣ፤ እሷም ተኚ ቢሏት እምቢ ብላ፣ በሰው ተደግፋ ሄደች። ትንሿ ድንጋይ ቦታዋ ላይ ቆማለች። ሥሯ ግን አዲስ አፈር ነው። ተቆፍሮ ተደፍኗል።

አስካለ ተንበርክካ ጆሮዋን አፈሩ ላይ አደረገች። ዝም። አሁንም ዝም። ከዚያ ከሥር፣ በጣም ከሥር፣

«አስካለ... ተገላገልሽ?»

«ቆፍሩ!» ብላ ጮኸች። «በማርያም፣ ቆፍሩልኝ!»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያንን አፈር መንካት ክልክል ነው። ዶማ የያዙትም ሰዎች ዶማቸውን እንደያዙ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ አሉ።