ሰባት ቁጥር ማኅተም

ኢንድሪስን ያወቅሁት «ዝም በይ» ብሎኝ ነው።

ለአባቴ ምሳ ይዤ አስመራ፣ ጎዳይፍ ሰፈር ወዳለው የብረት ግቢ ገባሁና «አሰላሙ ዐለይኩም!» ብዬ ጮህኩ። አንድ ረዥም ልጅ ቧንቧ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በትንሽ መዶሻ እየመታ ጆሮውን ደቅኗል።

«ዝም በይ፤ እየሰማሁ ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«ብረት ያወራል እንዴ?»

«ከአንዳንድ ሰው ይሻላል። ጤነኛው ሲመቱት ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ይታፈናል።»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ቀጥሎ የሚመታውን ቧንቧ ረሳው። እኔም ምሳው እስኪቀዘቅዝ ቆምኩ።

ዘመኑ 1961 ዓ.ም. ነው። ከምፅዋ ባሕር ጋዝ ይወጣል፣ በቧንቧ አስመራ ይደርሳል፣ ከዚያም አዲስ አበባ ይዘልቃል ይባል ነበር። ቧንቧውን ከውጭ የሚያስመጣው ነጋዴ የአባቴ አለቃ ነው። አባቴ ነጅሙዲን ከወሎ መጥቶ ሃያ ዓመት በዚያ ግቢ የመጋዘን ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። እናቴ ከሞተች ወዲህ እኔና እሱ ብቻ ነን። ኢንድሪስ ደግሞ የአገራችን ልጅ፣ ብረት መርማሪ ነው። ደህና ነው ያለው ቧንቧ ጫፍ ላይ ሰባት ቁጥር ያለበትን የብረት ማኅተሙን በመዶሻ ይመታበታል። ያልታተመ ቧንቧ ከግቢው አይወጣም።

ስምንት ወር በዓይን፣ በሰላምታና በሰበብ ተዋደድን። አባቴ በሚጾምበት ቀን ሳይቀር ምሳ ይዤ ሄጄ ተዋርጃለሁ። በመጨረሻ ኢንድሪስ ሽማግሌ ላከ፤ አባቴም እሺ አለ። ያ የተረገመ ብረት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከአዲሱ ጭነት ኢንድሪስ አሥራ አንድ ቧንቧ «አይሆንም» ብሎ ጣለ፤ በጠመኔ ምልክት አደረገባቸው። አባቴ ግን ጭነቱን «ደህና ነው» ብሎ በፊርማው ተረክቦ ነበር። ኢንድሪስን ቤት ጠራው። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ።

«አንተ ልጅ፣ አለቃዬ ያባርረኛል። አትምልኝ።»

«ጋሽ ነጅሙዲን፣ ሌላ ሁሉ ይዘዙኝ። ይሄ ብረት ሰው ይገድላል።»

«እንግዲያው ስማ። ብረቴን የጣለ ልጄን አያነሳም።»

ኢንድሪስ ጫማውን አድርጎ ወጣ። ማንን እንደምጠላ አላወቅሁም፤ አባቴን፣ ብረቱን፣ ወይስ ያን ግትር ልጅ።

ዓርብ ምሳ ይዤ ስሄድ አባቴ ለጁምዓ ሶላት እየወጣ ነበር። «እስክመለስ መጋዘኑን ጠብቂ» አለኝ። እስላሙ መስጊድ፣ ክርስቲያኑ ምሳ ሄዷል። ኢንድሪስ ሲወጣ የሚያስረክበው ማኅተም የአባቴ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ሰበብ አልደረድርም፤ አድርጌዋለሁ። ጠመኔውን በነጠላዬ ጠረግሁና አሥራ አንዱንም አተምኩ። ሦስት ጊዜ ጣቴን መታሁት። አንድ ቁጥር ማንን ይጎዳል፣ የአባቴ ንዴት ይበርዳል፣ ኒካሑ ይታሰራል እያልኩ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ይዤ ብመጣ ግቢው ሰው ሞልቶበታል። ከአዲስ አበባ የመጣ ተቆጣጣሪ ከታተሙት አንዱን መርጧል። ቧንቧው ግራና ቀኙ ተደፍኖ ውኃ ተሞልቶበታል፤ ይችል እንደሆነ ለማየት በእጅ ፓምፕ ግፊት ሊጨመርበት ነው። ፓምፑ ዘንድ አባቴ ቆሟል። ኢንድሪስ ወደ ቧንቧው ጫፍ ተጠጋ።

«እሱ እዚያ ምን ያደርጋል?» ስል አጠገቤ የቆመውን የግቢውን በያጅ ኪዳኑን ጠየቅሁት።

«ኣይትፈልጢን ዲኺ? አታውቂም? የጥንቱ ጣሊያን አለቃ ሕግ ነው። ያተመ ሰው፣ ቧንቧው ሲፈተን እጁን ጭኖበት ይቆማል። ከፈነዳ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።»

«ማኅተሙ ያንተ ነው?» አለ ተቆጣጣሪው።

ኢንድሪስ ቁጥሩን አየ። ራሱ የጣለውን ብረት እንዴት አያውቀው! ከዚያ ከሰው መሐል እኔን ፈልጎ አገኘኝ፤ የቆሰለውን ጣቴን አየ። የኔ አይደለም ቢል ማን ነው ተብሎ እንደሚፈለግ፣ ጣጣው በማን እንደሚያልቅ ገብቶታል።

«የኔ ነው፣ ጌታዬ» አለና መዳፉን ጫነበት።

አባቴ ልጁ ራርቶለት ያተመ መስሎታል። አንገቱን ደፍቶ ፓምፑን ይገፋ ጀመር። የመለኪያው ቀስት ወጣ፣ ወጣ። ብረቱ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ኢንድሪስ ዓይኑን ጨፈነ።

ሮጥኩ።

«አባዬ፣ ተው! እኔ ነኝ ያተምኩት!» መዳፌን ከመዳፉ አጠገብ ጫንኩ። ብረቱ ይንቀጠቀጣል።

«ዞር በይ፣ ዙህራ! በአላህ!» አለ ኢንድሪስ፤ ድምፁ ተሰባበረ።

«ያተመ ይቆማል ተብሏል። ቆሜያለሁ።»

«ልጅቷን አንሱልኝ! አንተ ቀጥል!» ሲል ተቆጣጣሪው አባቴን አዘዘው።

የአባቴን ፊት ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። የፓምፑን እጀታ ለቀቀው።

«አልቀጥልም» አለ። «ብረቱ መጥፎ ነው። ስረከበውም አውቅ ነበር።»

አባቴ መጥፎ ብረት በመረከቡ፣ ኢንድሪስ የሐሰቱን ማኅተም «የኔ ነው» በማለቱ ከቀትር በፊት ሁለቱም ከሥራ ተባረሩ። ኢንድሪስ ወደቡ ላይ ሥራ ሊፈልግ የመሣሪያ ቦርሳውን አንስቶ ወደ ምፅዋ አውቶቡስ ፌርማታ ሄደ። እኔ እሱን ተከተልኩ፤ አባቴ እኔን ተከተለ።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለኝ ኢንድሪስ ፌርማታው ላይ።

«እምቢ ትለኛለህ ብዬ።»

«እምቢ እልሽ ነበር። ግን አብረን ሌላ መላ እንፈልግ ነበር።» እንባው መጣ። «ሞት አይደለም የከበደኝ፣ ዙህራ። ያንቺ እጅ መሆኑ ነው።»

«አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ምፅዋ! ምፅዋ! ሦስት ሰው ብቻ!» አለ ሾፌሩ።

ኢንድሪስ ሳይመልስልኝ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። አለቀልኝ አልኩ። ፌርማታው ላይ በሰው ፊት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ያን ጊዜ የአውቶቡሱ መስኮት ተከፈተ።

«ጋሽ ነጅሙዲን» አለ ኢንድሪስ፣ እኔን ሳያየኝ። «ምፅዋ ስንደርስ ኒካሑን የሚያስረው ቃዲ ‹አባቷ የት አለ?› ቢለኝ ምን ልበለው? ይግቡ እንጂ።»

አባቴ ኮቱን አስተካክሎ ገባ። እኔም ገባሁ። ኢንድሪስ ቦርሳውን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገና ቦታ ለቀቀልኝ። አባቴ ግን ቀድሞኝ መካከላችን ተቀመጠ፤ እስከ ምፅዋ ድረስም ንቅንቅ አላለም።