ሦስት ቁመት ተኩል

በድሪ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ተጋድሟል። ረዲያ ድንጋይ የታሰረበትን እርጥብ ገመድ ከተረከዙ ጀምራ እስከ አናቱ ትዘረጋለች፤ አናቱ ላይ ስትደርስ በጣቷ ይዛ እንደገና ከተረከዙ ትጀምራለች።

«አንገትህን አታስግግ!» አለችው። «ውሃውን እያሳጠርከው ነው።»

«ቶሎ በይ አቦ፣ ጉንዳን ሊጨርሰኝ ነው።»

ሦስት ጊዜ ከለካችው በኋላም ውሃ የነካው የገመዱ ክፍል አላለቀም። የቀረው እስከ ወገቡ ደረሰ።

«ሦስት በድሪ ተኩል!» ብሎ አንዱ ጮኸ። የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ረዲያ አልሳቀችም።

ከአሰበ ተፈሪ ወጣ ብሎ ያለው አሮጌ የድንጋይ ካባ፣ መንገድ ሠራተኞች ድንጋይ አውጥተው ጥለውት ከሄዱ ወዲህ ዝናብ ሞልቶት ኩሬ ሆኗል። የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ከጎኑ ሽንኩርትና ጎመን ተክሎ ውሃውን በሞተር እየሳበ ያጠጣል። ዛሬ ጠዋት ግን ከመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ማጥለያ ብረት ተነቅሎ ጥልቁ ጥግ ውስጥ ሰመጠ። ያለ እሱ ሞተሩ ዝም ብሎ ይጮኻል እንጂ ውሃ አይስብም። ነገ ደግሞ ከአውራጃው ጎብኚዎች ይመጣሉ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ብሩ ካኪ ኮቱን ቆልፎ ዳር ላይ ቆሟል።

«እንግዲህ ተለካ» አለ። «ጓድ ረዲያ፣ ግቢና አውጪው።»

ረዲያ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከማኅበሩ አባላት መጥለቅ የሚችሉት እሷና የክፍል ጓደኛዋ በድሪ ብቻ ናቸው። ከሁለቱ ደግሞ ትንፋሿ የሚረዝመው እሷ ናት።

«ብቻዬን ሁለት ቁመት ነው የምወርደው» አለች።

«ማን ወሰነው?»

«እኔ።»

መጀመሪያ የወሰኑት ጋሽ ዘገየ ነበሩ። ጋሽ ዘገየ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ጠላቂ የነበሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ከገበያው በላይ የፕሪመስ ምድጃ ይጠግናሉ። አንድ ጆሯቸው አይሰማም። ረዲያንና በድሪን መዋኘት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ኩሬው ዳር ረዲያ ስንት ሜትር ይወርዱ እንደነበር ጠየቀቻቸው።

«የአየር ጠርሙስ አዝዬ፣ ከባልደረባ ጋር፣ ሠላሳ።»

«ብቻዎንስ?»

«ዐሥር።»

«ዐሥር ብቻ? ፈርተው ነው?» ብሎ በድሪ ሳቀ።

ጋሽ ዘገየ አልተቆጡም። «ዐሥር ላይ አየሩ ቢቋረጥብኝ በያዝኩት ትንፋሽ እወጣለሁ። ሠላሳ ላይ ቢቋረጥብኝ አየሩን የሚያካፍለኝ ሰው ያስፈልገኛል። ብቻህን ስትሆን የምትወርደው ብቻህን መውጣት እስከምትችልበት ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት አንድ ጆሮዬን ከሰጠሁ በኋላ ነው።» ከዚያ ኩሬውን በጣታቸው አሳዩ። «እናንተ ጠርሙስ የላችሁም። ብቻችሁን ሁለት ቁመት። ገመድ የሚይዝ፣ ደግሞም መዋኘት የሚችል ሰው ካለ አራት።»

ዛሬ ጋሽ ዘገየ የሉም፤ ዕቃ ሊገዙ ድሬዳዋ ሄደዋል።

«ሰኞ ይመለሳሉ» አለች ረዲያ። «ካልሆነ በድሪ ገመዱን ይያዝልኝና አሁኑኑ እገባለሁ።»

«ገመድ ለመያዝማ እኛስ አለን አይደል?» አለ ብሩ።

«ገመዱን ድንጋይ ቢይዘውስ? ከእናንተ ማን ይወርዳል?»

ሁሉም ወደ በድሪ ዞሩ። በድሪ ከጀርባው ላይ አፈር እያራገፈ ነበር።

«ምን ገመድ ያስፈልጋል?» አለ። «እኔ ባለፈው ሳምንት እዚያው ጥግ ብቻዬን ወርጄ ታቹን ነክቼዋለሁ። ጭቃውን ለረዲያ አሳይቻታለሁ። አላሳየሁሽም?»

አሳይቷታል። በሁለቱ መካከል ሕግ አለ፤ ታች ደረስኩ የሚል እፍኝ ጭቃ ይዞ ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ረዲያ ወባ ይዟት ተኝታ ሳለ፣ በድሪ በጎመን ቅጠል የጠቀለለውን ጭቃ ቤቷ ድረስ አመጣላት። ጭቃው ቀይ ነበር፤ እንደ ዳሩ አፈር። ረዲያ ግን ጋሽ ዘገየ ገመድ ይዘውላት ያንን ጥግ ነክታዋለች። እዚያ ታች ያለው ጭቃ ጥቁር ነው፤ የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። ያን ቀን ምንም አላለችም። በድሪ እስኪመሽ ድረስ አጠገቧ ተቀምጦ አስቋታል፤ ውሸቱም ማንንም አይጎዳም ብላ ነበር።

«እንግዲያው ወንዱ ይግባ!» አለ ብሩ። «ና፣ ና በድሪ! እስቲ አሳያት።»

በድሪ ሸሚዙን አወለቀ። አዛጋ። እንደገና አዛጋ። ረዲያ ታውቀዋለች፤ በድሪ የሚያዛጋው ሲፈራ ነው። ፈተና ሲሰጥም እንዲሁ ነው።

ጠጋ ብላ «ንገራቸው» አለችው ቀስ ብላ።

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ።»

«ተይኝ አቦ!»

ገባ። ውሃው ጉልበቱ፣ ወገቡ፣ ደረቱ ጋ ደረሰ። አየር ሊስብ አፉን ከፈተ።

«አልወረደም!» ብላ ጮኸች ረዲያ። «ውሸቱን ነው! ያሳየኝ ጭቃ ቀይ ነው፤ የዳር ጭቃ ነው! እዚያ ታች ጥቁር ነው!»

ሳቅ ፈነዳ።

«ሦስት በድሪ ተኩል ውሸት!»

በድሪ ከውሃው ወጣ። ከአገጩ ውሃ ይንጠባጠባል። በአጠገቧ ሲያልፍ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ወላሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም።»

ረዲያ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

ብሩ አጨበጨበ። «በጣም ጥሩ! እሱ ውሸታም፣ አንቺ ፈሪ። ይህ የንዑስ ከበርቴ ባሕርይ ነው። የብዙኃኑ ሰብል እየደረቀ አንቺ ቁመት ትቆጥሪያለሽ! ለትምህርት ቤቱ ዛሬውኑ ነው የምጽፈው። ሐረር ለውድድር ከሚሄደው የትምህርት ቤቱ ቡድን ስምሽ ይሰረዛል።»

«ይጻፉ፣ ጓድ ብሩ» አለች። «ሲጽፉ ሦስት ቁመት ተኩል እንደሆነ አይርሱ። ጫማዎ ደረቅ እንደነበረም ይጻፉ።»

ከኋላ አንዲት ልጅ ሳቋን በሻሿ አፈነች። ብሩ ጫማውን አየ።

«እስኪመሽ እዚሁ ትቀመጫለሽ!»

«እቀመጣለሁ።»

ሄደ። የቀሩትም አንድ በአንድ ወደ ዛፉ ጥላ ተበተኑ። ረዲያ የለበሰችውን የወንድሟን ሱሪ እግር ጠቅልላ፣ ገመዱን ከድንጋዩ ፈትታ ወገቧ ላይ አሰረች። ቋጠሮውን አንዴ ሲስቡት እንዲፈታ አድርጋ ነው ያሰረችው። ሌላውን ጫፍ መሬት ላይ ጣለችና ጀርባዋን ለኩሬው ሰጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከፊቷ የሽንኩርቱ ቅጠል አጎንብሷል። ችግኙን ስትተክል ጣቶቿ ተላልጠው ነበር። ገመዱን የሚይዝ ሰው ካልመጣ ይድረቅ። አልወርድም።

ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ለመድረስ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ገመዱ ተንቀሳቀሰ።

በድሪ ነው። ሱሪው ገና አልደረቀም።

«ስንቴ ስትስቢ ነው የማወጣሽ?» አለ፤ አሁንም አያያትም።

«ሁለቴ።»

«ገመዱ ቢያዝስ?» መሬቱን በጣቱ ጫረ። «እኔ የምችለው ሁለት ቁመት ነው። ከዚያ በታች ጆሮዬን ያመኛል። እወጣለሁ።»

ይህን ሲል ሰምታው አታውቅም።

«ከተያዘ ቋጠሮውን ፈትቼ እመጣለሁ። ሁለት ቁመት ላይ ድረስና እጄን ያዘኝ።»

በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ረዲያ ተነሥታ ውሃው ውስጥ ገባች። ቀዝቃዛ ነው። ደረቷ ጋ ሲደርስ ዞረች።

«ታርቄሻለሁ እንዳይመስልሽ» አለ በድሪ ከዳር።

«አልመሰለኝም» አለች። «ገመዱን በሁለት እጅህ ያዝ።»