ሦስት ጣት አሸዋ

ኢንስፔክተር ሰርካለም የመምህር አረጋን ደጃፍ ስትረግጥ ሰፈሩ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር። ገዳዩ የወንድማቸው ልጅ ደሳለ ነው፤ መርዙም የተባይ ማጥፊያ። ታጣቂዎች እጁን በገመድ አስረው በረንዳው ላይ አስቀምጠውታል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ነው፤ የላሊበላ የነሐሴ ዝናብ አላባራ ብሏል። እሷ እንኳን ገና ሬሳውን አላየችም።

ሟቹ በጠባቧ ክፍል ውስጥ፣ ሽቦ አልጋ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ጉንፋን ይዟቸው ረፋድ ላይ ጋደም እንዳሉ አልተነሱም። ትውከት የለም፣ አፋቸው ላይ አረፋ የለም። ጥፍሮቻቸው ግን ሬሳ ላይ በማይታይ ቅላት ቀልተዋል። ሰርካለም ያን ጥፍር ከዚህ በፊት አንድ ቦታ አይታዋለች።

ከመስኮቱ ስር ትልቅ የመስታወት ሣጥን ተቀምጧል፤ አፉ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ። ውስጡ በረሃ ነው። አሸዋ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ደረቅ የግራር ጭራሮ። ጭራሮው ላይ ፌንጣ የሚመስሉ የአሸዋ መልክ ያላቸው ነፍሳት የፊት እጆቻቸውን እንደሚጸልይ ሰው አጥፈው ቆመዋል። መምህሩ ቆላ ሲያስተምሩ ከአፋር በረሃ ያመጧቸው ናቸው፤ ቤተሰቡ «ጸሎተኞች» ይላቸዋል። አንዷ አንገቷን አዙራ ሰርካለምን ተመለከተቻት።

ግድግዳው ላይ በመምህሩ ውብ ጽሑፍ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፦

«አሸዋው ሦስት ጣት፤ ከዚያ አይበልጥ። ውኃ በሳምንት አንዴ ብቻ ይረጭ። ክረምቱን መስኮቱ አይከፈት። የመቶ ሻማው አምፖል ከጠፋ ሌላ ሙቀት ይፈለግላቸው።»

መጀመሪያ ያነጋገረችው ጎረቤቱን መሪጌታ ወልደ ኪዳንን ነው። የሟቹን ሚስት የወይዘሮ ሙሉዬን ጩኸት ሰምተው ከጎረቤት ቀድመው የገቡት እሳቸው ናቸው።

«መሪጌታ፣ ሲገቡ ምን አዩ?»

«ምን አያለሁ! ሰውዬው ሞቶ፣ ያቺ ጋኔን ባሏን ከአንገቱ ጀምራ ትበላለች። ጸሎተኛ ይሏታል ደግሞ! ባሏን የምትበላ ፍጡር ምን ጸሎት አላት?»

«ስትንቀሳቀስ ነበር ማለት ነው?»

«ኧረ ስትንደረደር! እኔ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ፣ እሷ ሠርግ ላይ ናት።»

ሰርካለም ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። ወደ በረንዳው ወጣች።

«ጸሎተኞቹን ረጭቼ እጨርሳቸዋለሁ ብለሃል?»

«ብያለሁ» አለ ደሳለ፤ ቆላ እየወረደ ተባይ የሚረጭ ወጣት ነው። «ክፍሌን ለነሱ ሰጥተው እኔን ሳሎን መሬት ላይ አስተኙኝ። እኔ በብርድ እነሱ በመቶ ሻማ! ማን አይናደድም? ግን ጋሼ ናቸው ያሳደጉኝ። አባት አላውቅም፤ እሳቸውን ነው የማውቀው።»

የሟቹ ልጅ ማኅሌት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ነፍሳቱን የምትንከባከበው እሷ ናት።

«መብራት መቼ ጠፋ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ። እስካሁን አልመጣም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ...»

«ልጄን ተያት!» አሉ እናቷ ወይዘሮ ሙሉዬ በመሀል ገብተው። «አባቷን እኮ ነው ያጣችው። እኔን ጠይቂኝ። እሷን ተያት!»

ሰርካለም ተወቻት። ወደ ሣጥኑ ተመልሳ መስታወቱን በመዳፏ ነካች፤ ጥጉ ጋ ስትደርስ እጇን ሰበሰበች። ወንፊቱን ከፍታ ጣቷን መሀል ላይ አሸዋው ውስጥ ቀበረች፤ ሦስት ጣት። ጥጉ ጋ አምስት። እዚያው ዱካ ላይ ተቀምጣ ብዙ አሰበች። ዝም ብላ ብትወጣ ደሳለ እስር ቤት ይገባል። ብትናገር ደግሞ... ያንን ልታስበው አልፈለገችም።

ሁሉንም ወደ ክፍሉ ጠራቻቸው።

«መርዝ አይደለም» አለች። «ተባይ ማጥፊያ ተረጭቶ ቢሆን መጀመሪያ የሚያልቁት እነዚህ ናቸው። ይኸው በሕይወት አሉ።»

ደሳለ ቀና አለ።

«መብራት ከስድስት ሰዓት ጀምሮ የለም። የበረሃ ነፍሳት በዚህ ብርድ ይደነዝዛሉ እንጂ አይንደረደሩም። መሪጌታ ግን አንዷ ስትበላ አይተዋል። ስለዚህ እዚህ ቤት እሳት ነበር። የመምህሩን ጥፍር ተመልከቱ፤ በተዘጋ ቤት የከሰል እሳት የወሰደው ሰው ጥፍር እንዲህ ይቀላል። ከከሰሉ የሚወጣው አየር ሰውን ይገድላል፤ ነፍሳትን ግን እምብዛም አይነካም።»

«እሳቱስ የት አለ?» አሉ መሪጌታ።

ሰርካለም በጭራሮ ጥጉን ቆፈረች። ከአሸዋው ስር ከሰል ወጣ፤ መሀሉ ገና ቀይ ነው።

«መጀመሪያ የደረሰ ሰው አየ፣ ገባው፤ ሰው ሳይመጣበት ከሰሉን እዚህ ቀበረና ባዶ ምድጃውን ወሰደ። ቀድመው የገቡት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ ሙሉዬ።»

«እኔ ነኝ!» አሉ ሙሉዬ። «ያስገባሁትም እኔ፣ የደበቅሁትም እኔ። እሰሪኝ!»

ሰርካለም ቃላቸውን ለመጻፍ እስክሪብቶዋን አወጣች። እውነት እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ቢሆንም ልትጽፈው ነበር።

«እማ» አለች ማኅሌት ቀስ ብላ። «ከሰሉን ወዲያው አውጥቼዋለሁ አላልሽኝም?»

«ለጸሎተኞቹ ሙቀት ብዬ፣ ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ አፋምኩት። ጭስ ከሌለው ምን ያደርጋል ብዬ። አባዬ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ እንዳልቀሰቅሰው በእግር ጣቴ ነው የገባሁት። አንቺ ግን ወጥቷል አልሽኝ። መርዝ ነው አልሽኝ፣ እማ።»

የደሳለ ገመድ ተፈታ። «እያወቁ ነው ያሳሰሩኝ?» አላቸው። ሙሉዬ አላዩትም፤ ዓይናቸው ልጃቸው ላይ ነው።

«እሱን ፈታሽው» አሏት ሰርካለምን። «እሷንስ ማን ይፈታታል?»

በዚህ መሀል መብራት መጣ፤ የመቶ ሻማው አምፖል ከሣጥኑ በላይ ቦግ አለ፤ ነፍሳቱም አንገታቸውን ወደ ሙቀቱ አዞሩ።

ማኅሌት ተነሳች። የአባቷን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ አምፖሉን አጠፋችና መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ዝናቡ በወንፊቱ አልፎ አሸዋው ላይ መውረድ ጀመረ። መስኮቱን ለመዝጋት የተነሳ ሰው አልነበረም።