የደበዘዙት መስመሮች

ድርጭት ፋርማሲው ውስጥ ተሰልፋለች። ከኋላዋ የቆመው ሽማግሌ ሳል ጀመረው። ጎንበስ ሲል አንድ የመድኃኒት ፓኮ ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተ።

«አሮጌውን ፓርሰር አውጥተሽ ይሄን ትተኪያለሽ» አለ፣ አፉን በመሀረብ ሸፍኖ። «ሌላ ነገር እንዳትነኪ።»

«ቀጮስ?»

«መኪና ተዘጋጅቶለታል። ዛሬውኑ ከነቤተሰቡ ይወጣል።»

ሽማግሌውን «አጎቴ» ትለዋለች። የሚያዛት አለቃዋ እንጂ ዘመዷ አይደለም። ፓኮው ውስጥ ያለውም ክኒን ሳይሆን ፍላሽ ነው።

በእሱ ትዕዛዝ ሰርጋ የገባችበት መሥሪያ ቤት የሰው ስልክ የሚጠልፍ ሶፍትዌር ይሠራል። እዚያ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ናት። ቀጮ ደግሞ ከነባር ፕሮግራመሮቹ አንዱ ነው፤ ወንድሙ ስልኩ በዚያው ሶፍትዌር ተጠልፎ ከታሰረ ወዲህ ለአጎቴ ምስጢር ያቀብላል።

ሰሞኑን የፕሮግራመሮቹ ስክሪን ታሟል። የኮዱ ትዕዛዝ በሰማያዊ፣ ጽሑፉ በአረንጓዴ፣ ማስታወሻው በግራጫ መለየት ሲገባው፣ ከመሃል ጀምሮ ሁሉም ነገር ግራጫ ይሆናል።

«ዓይናችን ሊጠፋ ነው!» አለ የክፍሉ ኃላፊ። «ዛሬ ካላስተካከልሽው ሌላ ሰው እጠራለሁ።»

የቀለሙን ገጽታ ቀየረች። ያው ነው። ኮዱ የሚጻፍበትን ኤዲተር ዘግታ ከፈተች። ያው ነው። ግራጫው የሚጀምርበትን መስመር ፈለገች። ሁልጊዜም በቅርቡ ወደ ፕሮግራም ቋንቋው የገባ አዲስ አጻጻፍ ላይ ነው። ኮዱን አንብቦ ቀለሙን የሚለየው ፓርሰር ዕድሜው ገፍቷል፤ አዲሱን አጻጻፍ አያውቀውም። እዚያ ሲደርስ ግራ ይጋባና የቀረውን ሁሉ ማስታወሻ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ኃላፊው ዞር ሲልላት ፍላሹን ሰካች። ከመጫኗ በፊት ፋይሉን ከፍታ አነበበችው። ልማድ ሆኖባት ነው።

አዲሱ ፓርሰር ውስጥ የተደበቀ በር አለ። ያንን ታውቃለች። በሩ ሲከፈት የጠለፋውን ሰርቨር ያወድመዋል።

በሩ የሚከፈተው ግን በቀጮ የይለፍ ቃል ነው። ዱካው በሙሉ ወደ እሱ ያመራል።

መኪና የለም።

መጸዳጃ ቤት ገብታ ደወለች። «አጎቴ፣ መድኃኒቱ ላይ የሰው ስም አለ።»

«አውቃለሁ።»

«ይገድለዋል እኮ!»

«አንድ ሰው ከያዙ ፍለጋውን ያቆማሉ። አንቺ ትተርፊያለሽ። የታዘዘልሽን ዋጪ።»

ዘጋባት።

ስትመለስ ቀጮ ወንበሯ አጠገብ ቆሟል።

«ውጣ» አለችው በሹክሹክታ። «አሁኑኑ። ሸጠውሃል።»

ፈገግ አለ። «እንዲህ እንደምትዪኝ አጎቴ ነግሮኛል። ልትፈትኚኝ ነው አይደል?»

«በልጆችህ ይዤሃለሁ! ፈተና አይደለም!»

«እሱንም ትልሃለች ብሎኛል፣ እህቴ።»

እጁን ወደ ኪቦርዱ ዘረጋ። ልትይዘው ተወረወረች።

ዘገየች። ፓርሰሩን ጭኖ የይለፍ ቃሉን አስገብቷል።

ሰማያዊውና አረንጓዴው በየስክሪኑ ተመለሰ። ክፍሉ አጨበጨበ። «እጅሽ ይባረክ!» አለ ኃላፊው። ጭብጨባው ሳያባራ ከታች ጩኸት ተሰማ። ሰርቨሩ አልቆለታል። ጥበቃዎቹ በቀጥታ ወደ ቀጮ መጡ። እሱም ጠቀሳት፤ ወደ መኪናው የሚያስወጡት መስሎታል። የገባው ክንዱን ሲጠመዝዙት ነው።

ድርጭትን አያት። አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

አላጋለጣትም።

ከወራት በኋላ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ስልክ ስትጠግን የቀጮን ፍርድ በሬዲዮ ሰማች። ዕድሜ ልክ።

«ይበለው! ከሃዲ!» አሉ ስልካቸውን የሚጠብቁት አሮጊት።

ድርጭት የፈታችውን ስልክ ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኝታ እያየች ነበር። ጠለፋው በሌላ ሰርቨር እንደ አዲስ ተጀምሯል። የእሳቸውም ስልክ ተጠልፏል።

ክዳኑን ገጠመችው።

«ደርሷል፣ እማማ» አለችና ሰጠቻቸው።