ከጋኑ ሥር ያለው ኮሮና

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ ደግሞ የሚቀጥለውን አታምኑኝም። ደብረ ታቦር ውስጥ የአውቶሞቲቭ አስተማሪ ነኝ፣ ሥራዬ ተማሪዎቼን «መኪና ያለ ምክንያት አይጮህም፣ ድምፅ ከሰማችሁ ምክንያቱን ፈልጉ» እያልኩ መጨቅጨቅ ነው፣ ቤቴ ውስጥ የሆነ ነገር ኮሽ ሲል እንኳ ወይ ድመት ነው ወይ ቆርቆሮ ብዬ ተገላብጬ የምተኛ ሴት ነኝ። «እገሌ አየ አሉ» የሚባል ወሬም አልወድም። ይህን ግን ማንም አልነገረኝም፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከአጎቴ ከአያ መኳንንት ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸውና ባለቤታቸው እቴቴ ጥሩወርቅ ናቸው። አያ በወታደርነታቸው ዘመን ኦራል ይነዱ ነበር፣ ከተሰናበቱ ከዓመታት በኋላ ያገለገሉ የጦር መኪኖች በጨረታ ሲሸጡ ሄደው አንዱን ገዙ፣ እቴቴ እስከ ዛሬ ያንን ቀን «ሁለተኛዋን ያገቡ ለት» ይሉታል። መኪናው ይዘፍናል። የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው የመሃከለኛው ዲፈረንሻል ጥርሶች ከማርጀታቸው የተነሳ ቀጭን፣ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ያወጣሉ፣ ቁርጥ ማሲንቆ፣ ሰፈርተኛውም «አዝማሪው» ብሎ ስም አውጥቶለታል። እቴቴ ድምፁን ከሩቅ ሲሰሙ ነጠላቸውን ጣል አድርገው የግቢውን በር ሊከፍቱ ይወጣሉ፣ እመኑኝ፣ እዚያ ቤት ሳድግ አያ በር ላይ ክላክስ ሲያደርጉ አንድም ቀን አልሰማሁም፣ ምን ሊያደርግላቸው።

ችግሩ አዝማሪው ቀርፋፋ ነው። ቆይ ላስረዳችሁ፣ ማስረዳት ልማዴ ነው። ከሞተር የሚመጣው ዘንግ ጫፉ ላይ ፒኞን የምትባል ትንሽ ባለጥርስ አለች፣ እሷ ኮሮና የሚባለውን ትልቁን ባለጥርስ ቀለበት ታዞራለች፣ ኮሮናው ደግሞ ጎማውን። በጦር መኪና ላይ ትንሿ ሰባት ጊዜ ያህል ተሽከርክራ ነው ጎማው አንድ ጊዜ የሚዞረው፣ ይህ መድፍ ከጭቃ ለመጎተት ግሩም ነው፣ አስፋልት ላይ ግን ሞተሩ ሊፈነዳ እስኪመስል ይጮኻል እንጂ መኪናው ከመንፏቀቅ አያልፍም። አያ ከጋሳይ ድንች ጭነው ባሕር ዳር ሳይደርሱ አይሱዙዎቹ አራግፈው ሲመለሱ መንገድ ላይ ያገኟቸዋል። ነጋዴዎቹ «አያ፣ ድንቹ እኮ መንገድ ላይ በቀለ!» እያሉ ይስቃሉ፣ እየሳቁም አንድ በአንድ ጥለዋቸው ሄዱ። አንድ ቀን እቴቴ ወደ ጓዳ ጠርተው «ለቁራሌ ሊሸጡት ሰው አነጋግረዋል፣ ከዚያ ወዲህ እህል በአፋቸው አልዞረም» አሉኝ።

«ለምን ጥርሱን አንቀይርለትም?» አልኩ። ትንሿ ሰባት ጊዜ ከመሽከርከር ወደ አምስት ገደማ ብትወርድ፣ ሞተሩ ሳይጨነቅ መኪናው ይፈጥናል። አያ ቀና ብለው አዩኝና «ድምፁስ?» አሉ። ድምፁማ አብሮ ይወጣል፣ ምን ላድርግ።

ሥራውን የሠራነው ከአብሮ አደጌ ከደመቀ ጋር ነው፣ መናኸሪያው አጠገብ ጋራዥ አለው። ኦራል ሦስት አክስል አለው፣ ሦስቱም ጎማ ስለሚያዞሩ ሦስቱንም እኩል መቀየር ግድ ነው፣ አንዱ በድሮው ከቀረ እርስ በርስ ይጓተታሉ። ደመቀ ከመኪናው ሥር ተጋድሞ «ኮሮና ይዤ ወጣሁ፣ ተቀበሉኝ!» ብሎ ሲጮህ በመንገዱ የሚያልፉ አንዲት ሴትዮ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሮጡ፣ ቃሉ ከጣሊያን የወረስነው የጋራዥ ቃል መሆኑን ላስረዳቸው እንኳ ፋታ አልሰጡኝም። የፊቱንና የኋላውን አሮጌ ኮሮና ቁራሌ ወሰደው። የመሃከለኛውን፣ ያንን ዘፋኙን ግን አያ በጨርቅ ጠርገው፣ ጠርገው፣ አቅፈውት ወደ ቤት ሄዱ።

እቴቴ አገላብጠው አዩትና «ማቶት ይሆነኛል» አሉ። የጠላ ጋን ቂጡ ሞላላ ስለሆነ ከሥሩ ቀለበት ካልተደረገለት አይቆምም፣ የሣሩን ማቶታቸውን ደግሞ አይጥ ጨርሶታል። ጋናቸው አፉ ላይ ትንሽ ሽራፊ አለው፣ ሽራፊው እንግዳ እንዳያየው ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው የሚቀመጠው፣ ይህንን ልብ በሉልኝ። ጋኑን ኮሮናው ላይ ሲያስቀምጡ ደመቀ «አዝማሪውን ጠላ ጠባቂ አደረጉት፣ ደግሞ ደስ ይለዋል!» ብሎ አሳቀን። እቴቴ አልሳቁም።

«አሁን መምጣታችሁን በምን ላውቅ ነው?»

«እደውላለሁ» አሉ አያ።

«አንቱ? አንቱ ስልክ ሊደውሉ?»

መጀመሪያ ጭነት የጫንን ቀን አብሬ ተሳፈርኩ። ለአያ ደጋግሜ የነገርኳቸው አንድ ነገር ነበር፣ አዲሱ ጥርስ ሜዳ ላይ ያፈጥናል፣ ቁልቁለት ላይ ግን እንደ ድሮው መኪናውን ጨምድዶ አይይዝም፣ ስለዚህ የዓለም ሳጋን ቁልቁለት ከመጀመራቸው በፊት ከለመዱት ማርሽ አንድ ዝቅ ማድረግ አለባቸው። «ገብቶኛል፣ አስተማሪዋ» ይሉኛል፣ የምር ገብቷቸዋልም።

እንዴት ያለ ደስ የሚል ጉዞ ነበር! መኪናው ድምፁ ጠፍቶ ይንሳፈፋል፣ አያ ፈገግታቸው ጆሯቸው ደርሷል። ዓለም ሳጋ ደኑ ጋ ስንደርስ አያ አንድ አይሱዙ ቀደሙ፣ በዕድሜያቸው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፣ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ልጄ፣ ድንቹ እንዳይበቅልብህ!» ብለው ጮኹ። እኔ በሳቅ ፈርሻለሁ። አያም እየሳቁ፣ እጃቸው በዚያ ሁሉ ዓመት ልማድ ራሱ ሄዶ የድሮውን ማርሽ አስገባ፣ ቁልቁለቱም ተጀመረ።

መኪናው መፍጠን ጀመረ። ፍሬን ያዙ፣ ትንሽ ቆይቶ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ፣ ፍሬኑም እየላላ ሄደ። «ዝቅ ያድርጉት፣ አያ!» አልኳቸው። ማርሹን ነቀሉ፣ ዝቅተኛው ግን ከፍጥነታችን የተነሳ አልገባ አለ፣ ክርክርክር ብሎ ተፋው፣ የነበረውም ተመልሶ አልገባ አለ። ይህ ማለት ፎሌ ሆንን፣ ሞተሩና ጎማው ተላቀቁ፣ ያ ሁሉ ድንች ከኋላችን እየገፋን ነው። ከታች መታጠፊያው ይታየኛል፣ ከመታጠፊያው ባሻገር ሰማይ ብቻ ነው። አያ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ «የኔ ልጅ፣ በሩን ክፈቺና ዝለይ» አሉ። አልዘለልኩም፣ ጀግና ሆኜ አይደለም፣ እጄ መክፈቻውን አላገኘውም።

ያኔ ነው የሰማሁት። ከወገባችን በታች፣ ከመኪናው መሃል፣ ቀጭን፣ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ። ማሲንቆ። አያ ዞር ብለው አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው፣ ሁለታችንም ሰምተናል። መኪናውም ከኋላው በገመድ እንደተያዘ በሬ ረገብ፣ ረገብ እያለ ሄደ፣ የሞተሩ ዙር መቁጠሪያ ሥራ ፈት እንደሆነ ታች ተኝቷል፣ ማርሹ አሁንም ባዶ ነው፣ እኛ ግን ልክ እንደ ድሮው፣ በዚያው በአሮጌው ዝግታ፣ መታጠፊያውን ታጠፍን። የወረታ ሜዳ ጫፍ ላይ ዳር ይዘን ቆምን። አያ ሞተሩን አጠፉ። ድምፁ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ነው የቆመው።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። እቴቴ ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ የት ናችሁ?» ድምፃቸው ተቆጥቷል። «አዝማሪው በር ላይ ሆኖ ሲዘፍን ሰምቼ ልከፍት ብወጣ ማንም የለ። ዞሬ ስመለስ ድምፁ ጓዳ ውስጥ ነው!»

በማግስቱ ተመልሰን ቤት ስንገባ ጋኑ ቦታው ላይ ነበር፣ ሽራፊው ግን ወደ በሩ ዞሯል። አፉ የተመረገበት ጭቃ ተሰነጣጥቋል፣ ጠላው ገንፍሎ ወለሉ ላይ ደርቋል። «ትናንት ኮሮናውን ብነካው ፈጀኝ» አሉ እቴቴ ጣታቸውን እያሳዩኝ፣ እውነትም ቀልቷል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የኮሮና ጥርስ ሁለት ፊት አለው፣ አንደኛው መኪናው ሲገፋ የሚሠራ፣ ሌላው ቁልቁለት ላይ መኪናውን ሲይዝ የሚሠራ። በመጀመሪያው ፊት ላይ ሳምንት ያስቆጠረ ዝገት ነበረ፣ የሁለተኛው ፊት ግን አሁን ከሥራ እንደወጣ ያብረቀርቃል።

ደመቀ መኪናውን ፈታትቶ አየው፣ «ፍሬኑ በሙቀት ነክሶ ይሆናል» አለ፣ ይሆናል። ስለ ጋኑ ስጠይቀው ግን ጭንቅላቱን አከከና ሌላ ወሬ አነሳ። እቴቴ ጠበል እንርጭበት ሲሉ አያ «ኧረ ይዝጋል!» ብለው ከለከሉ። እኔ «በቃ መልሰን መኪናው ላይ እንግጠመው» ብል ደግሞ እቴቴ በጣም ተቆጡኝ።

«ሥራ ላይ ያለን ከሥራው ታነሺዋለሽ?»

አሁን ነጋዴዎቹ ተመልሰዋል፣ አያ በየሳምንቱ ይወርዳሉ፣ ማርሹንም ረስተው አያውቁም። እቴቴ ግን በጉዞው ቀን ጓዳው መዝፈኑን አላቆመም ይላሉ፣ ብረቱ እንዳይደርቅበት ብለውም ከሥሩ ትሪ አድርገው የኑግ ዘይት ያጠጡት ጀመር። ይህንን ሳይ፣ ከፈለጋችሁ ሳቁብኝ፣ ኑግ ለጥርስ እንደማይሆን አስረድቻቸው ትክክለኛውን የዲፈረንሻል ዘይት ገዝቼ አመጣሁ። እኔ የማላምነው ሴት፣ ለጠላ ጋን ማቶት ዘይት እቀይራለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ዘይቱን ስደፋው ጠቁሮ አገኘሁት። በጣቶቼ መሃል አሸት አደረግኩት፣ ውስጡ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚቆረቁር የብረት ብናኝ አለው። ከዚያ መብራት ይዤ ጥርሶቹን አየሁ፣ ተበልተው ሳስተዋል፣ ስንት ቁልቁለት እንደሚችሉ እንጃ። ለአያ አልነገርኳቸውም፣ ሐሙስ ጭነት አላቸው።