ሎሚ ላይቭ ገብታለች

እመኑኝ ብዬ አልለማመጥም፤ ያላመነ አልፎ ይሂድ። ሆኗል ስላችሁ ሆኗል... አዳማ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።

ቤዚ እባላለሁ። ማተሚያ ቤት ውስጥ ዲዛይነር ነበርኩ። ማንም አላስተማረኝም፤ ስልኬ ላይ እያየሁ ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ጎበዝም ነኝ።

ሥራ ቦታ "ጨዋዋ ቤዚ" ይሉኛል። ደንበኛ ቢጮህብኝ እንኳ መልሴ አንድ ነው፦ "አቤት፣ ምን ልታዘዝ?"

ቤቴ ስገባ ግን ሎሚ ነኝ።

ቲክቶክ ላይ። በቢጫ ሻሽ እስከ ዓይኔ እሸፈናለሁ፤ ከዚያ አለቃ የለ፣ ደንበኛ የለ፣ ሁሉንም እዘለዝላቸዋለሁ። የሎሚ ስልክ ከተከራየሁት ክፍል ወጥቶ አያውቅም። ሻሹም እንደዚያው።

በዚያ ሰሞን አለቃችን ጋሽ ሰይፈሚካኤል የሻሸመኔውን አዲስ ቅርንጫፍ ሊሰጡኝ ነበር። ሎሚ እኔ መሆኔ ቢታወቅ አለቀልኝ። ስንቴ የእሳቸውን አነጋገር እያስመሰልኩ ሰው አስቄያለሁ!

አጠገቤ የምትሠራው በድሪያ በክርኗ ጎሸመችኝ።

"ነይ እይ! ያቺ ባለጌ ላይቭ ገብታለች።"

"የቷ?"

"ሎሚ ናታ!"

ሳቅኩ። ከዚያ ስልኳን አየሁት...

ቢጫ ሻሽ። የእኔ ዓይኖች። ከኋላዋ የክፍሌ ሰማያዊ በር።

"ዛሬ ስሜን እነግራችኋለሁ" አለች።

በእኔ ድምፅ።

"ራሴን አመመኝ" ብዬ ወጣሁና ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። አቧራው ዓይን አያስገልጥም።

"ማል ታቴ፣ እህቴ? ምን ሆነሽ ነው?" አለኝ ሹፌሩ ፊቴን አይቶ።

"ንዳው ብቻ!"

ላይቩን በራሴ ስልክ ከፈትኩት። ወሬዋን አቁማለች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ... ታዳምጣለች።

"እየመጣች ነው..." አለች በሹክሹክታ።

ባጃጁ ቆመ።

"ወረደች..."

በሩ ጋ ደረስኩ። ቁልፉን አወጣሁ።

"እንዳትከፍቺ።"

ይሄኛው ከስልኩ አልነበረም። ከበሩ ጀርባ ነው።

ከፈትኩት።

ማንም የለም። የሎሚ ስልክ ፍራሼ ሥር ነው፤ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። ሻሹ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

ነካሁት... ይሞቃል። አፍ የሚያርፍበት ቦታ ርጥብ ነው።

ስልኬ ጮኸ። በድሪያ ናት።

"ቤዚ... የት ነሽ?"

"ቤቴ። ምነው?"

ድምፇን ዝቅ አደረገች።

"ታዲያ... ወንበርሽ ላይ የተቀመጠችው ማናት?"

ከጀርባዋ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ለስላሳ፣ ጨዋ፣ የለመድኩት።

"አቤት፣ ምን ልታዘዝ?"

እየሮጥኩ ተመለስኩ። በየጠዋቱ ሰላም የምለው ዘበኛ መንገድ ዘጋብኝ።

"ማንን ፈልገሽ ነው?"

"እኔ ነኝ እኮ! ቤዚ!"

"ቤዚ ውስጥ ናት" አለኝ። "አንቺን አላውቅሽም።"

በድሪያም ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬን አታነሳም።

ቅርንጫፉን ለዚያችኛዋ ቤዚ ሰጧት። ይሄን የምጽፍላችሁ በሎሚ ገጽ ነው፤ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

በቀደም ሻሸመኔ ሄድኩ። ፊቴን እንዳታይ ቢጫውን ሻሽ እስከ ዓይኔ ጠምጥሜ፣ ደንበኛ መስዬ ገባሁ። ፀጉሯን ይዤ ከወንበሬ ላይ ልጎትታት ነበር ሐሳቤ።

ቀና አለች። የእኔ ፊት። የእኔ ፈገግታ።

"አቤት እህቴ፣ ምን ልታዘዝ?"

ምላሴ ተሳሰረ። እኔ! የእኔ ምላስ!

ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች...

"ሻሹን እንዳትፈቺው። ከሥሩ ምንም የለም።"

ይኸው እስካሁን አልፈታሁትም። እጄን ከሥሩ ልሰድድ እልና... እተወዋለሁ።

አሁን መስታወት ፊት ቆሜያለሁ። አየር በሳብኩ ቁጥር ሻሹ ወደ ውስጥ ይገባል...

በጣም ወደ ውስጥ።